ሥልጣንና እውነት፦ ስለ ተዋናይ አምዛ ፔሌያ የተደረገ ንግግር



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ፊልም ተዋናይ መናገር እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ሆኖም የሩማንያው ተዋናይ አምዛ ፔሌያ የእኛን ሙያ ፈተና በሚገባ ካሳዩት ባለሙያዎች አንዱ ስለሆነ ሥራውን ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፔሌያ በ1931 በባይሌሽት ከተማ ተወልዶ በ1983 በቡካሬስት አረፈ። በ1967 በወጣው «ዳኪያውያን»ና በ1968 በወጣው «ዓምዱ» በተባሉት ፊልሞች ሮማውያንን የተቋቋመውን የዳኪያ ንጉሥ ዴቼባልን ሆኖ ተጫወተ። በ1971 ለሕዝብ በቀረበው «ጀግናው ሚሃይ» ደግሞ በ1600 ዋላኪያን፣ ሞልዳቪያንና ትራንሲልቫኒያን በአንድ እጅ የያዘውን፣ በማግሥቱ ዓመት ግን የተገደለውን መስፍን ሆነ። እንዲህ ያሉት የታሪክ ፊልሞች ብሔራዊ ክብርን ስለሚያጎሉ የዘመኑ መንግሥት ይደግፋቸው ነበር። ፔሌያ ግን ከዘውዱ ይልቅ የዘውዱን ሸክም አጉልቶ አሳየ።

የእነዚህን የሦስቱን ፊልሞች ድርሰት የጻፈው ቲቱስ ፖፖቪች «ሥልጣንና እውነት» የተባለውንም ጽፏል። በማኖሌ ማርኩስ አዘጋጅነት በ1972 በወጣው በዚህ ፊልም ፔሌያ የተጫወተው ንጉሥን ሳይሆን መሐንዲስ ፔትሬ ፔትሬስኩን ነው። መሐንዲሱ የፓርቲ ጸሐፊ ከሆነው ከቀድሞ የትግል ጓዱ ጋር ይጋጫል፤ ያለ ጥፋቱም ይታሰራል። የሚያሳዝነው አሳሪው ክፉ ጠላት አለመሆኑ ነው፤ ለአገር የሚበጀውን እኔ ብቻ ዐውቃለሁ ብሎ የሚያምን ወዳጅ ነው።

ስለ ፊልሙ ሚዛናዊ ፍርድ መስጠት ይገባል። ፊልሙ የወቀሰው እስከ 1965 የቆየውን የጌዮርጊዩ ዴዥን ዘመን ነበር፤ ፊልሙ ሲሠራ በሥልጣን ላይ የነበረውን ቻውሼስኩን አልነካም። ያለፈውን መውቀስ ተፈቅዶ ያለውን መውቀስ ሲከለከል፣ እውነት ራሷ በሥልጣን ፈቃድ ትለካለች። ርእሱ የሚያነሣውን ጥያቄ ፊልሙ ራሱ እስከ መጨረሻው ሊመልሰው ያልቻለው ስለዚህ ነው።

ፔሌያ በ1976 በ«ፍርዱ» ከጦርነትና ከዐሥር ዓመት እስራት በኋላ ወደ መንደሩ የሚመለሰውን ሰው ተጫውቶ፣ በ1977 በሞስኮ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አገኘ። ንጉሡም፣ መሐንዲሱም፣ እስረኛውም በእርሱ ዘንድ እኩል ክብር ነበራቸው።

ወገኖቼ፤ ወንዝም ሆነ አፈር ትእዛዝ አይቀበልም። ስሌቱን ለአለቃ ደስታ ሲል የሚለውጥ መሐንዲስ ዕዳውን የሚያስከፍለው በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ሕዝብ ነው። በአንጻሩም ባለሙያውን ስለ እውነት የሚቀጣ መሥሪያ ቤት የሚያተርፈው የዝምታን ሪፖርት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ «ይህ አይሆንም» ብሎ በማስረጃ ሲናገር፣ ብቻውን እንዳይቆም ማድረግ የማኅበራችን የመጀመሪያ ግዴታ ነው።