የዕጨጌ ዕንባቆም ሙግትና የእኛ ክርክር
(እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በየመኝታ ቤታችን የምንጯጯኽበት የሃይማኖት ክርክር አዲስ አይደለም። ዕጨጌ ዕንባቆም ከየመን መጥተው፥ ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብተው ለደብረ ሊባኖስ የተሾሙ መነኩሴ ነበሩ። በ1532 ዓ.ም. ገደማ ለኢማም አሕመድ የጻፉት «አንቀጸ አሚን» ቁርኣኑን ራሱን ምስክር አድርጎ ይሟገታል። ቁርኣን ኢየሱስን የአላህ ቃል፥ ከእርሱም የሆነ መንፈስ ይለዋልና።

ነገር ግን ያው አንቀጽ (ሱራ 4፥ 171) ዝቅ ብሎ «ሦስት» ማለትን ይከለክላል። ሙስሊሙ ሊቅ «ቃል» መባሉ «ሁን» በሚል ትእዛዝ ስለ ተፈጠረ ነው ይላል። ለእርሱ ዋናው ማስረጃ ዐረብኛው ነው፤ መሰሉን አንድ ሱራ አምጡ የሚለው ፈተና! ስለዚህ በ1961 ዓ.ም. የታተመውን አማርኛ ፍች ይለዋል እንጂ ቁርኣን አይለውም። ክርስቲያኑ ግን ወንጌልን በግዕዝም በአማርኛም ወንጌል ይለዋል፤ ማስረጃውም ትንሣኤውን አየን ያሉት የሐዋርያት ምስክርነት ነው። ታዲያ በአንዱ ሚዛን የሌላውን መዝኖ ቀለለ ማለት ምን ሙግት ይባላል?

ዕጨጌው እንኳ የሚጠቅሱትን መጽሐፍ አሳምረው ያውቁት ነበር። ለሚመጣው ክርክራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ጥቅስ ያመጣ ሰው አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያንብብልን።