ውሎ የሚያድር መርፌ



ዛሬ ላነጋግራችሁ የተነሣሁት ስለ ስኳር በሽታ በጠቅላላው ሳይሆን፥ በሰውነት ውስጥ ውሎ ስለሚያድረው የኢንሱሊን መርፌ ነው። ኢንሱሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ተገኝቶ፥ በተከታዩ ዓመት በሽተኛ ታከመበት። የዚያን ጊዜው መድኃኒት ግን ኀይሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ስለ ነበረ፥ በቀን ደጋግሞ መወጋት ግድ ነበር። ኤን ፒ ኤች የሚባለው ድፍርሱ ኢንሱሊን በ1946 በዴንማርክ አገር ተሠራ፤ ቀንና ሌሊት ያህል የሚሠራው ጥርት ያለው ግላርጂን ደግሞ በ2000 ለሕክምና ተፈቀደ።

እንግዲህ የእነዚህ መድኃኒቶች ጥቅማቸውም አደጋቸውም የሚመጣው ከዝግታቸው ነው። አንድ ሰው ማለዳ ደሙን ለክቶ ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢያገኘው፥ ቶሎ ላውርደው ብሎ በገዛ ሥልጣኑ መጠኑን ይጨምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ለውጥ ሲያጣ እንደ ገና ይደግማል። መድኃኒቱ ግን ቀስ እያለ በመሥራት ላይ ነው። የተጨመረው ሁሉ ተደራርቦ የሚጥለው ምናልባት በእኩለ ሌሊት፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ በተኛበት ሰዓት ይሆናል። አንድ ጊዜ የተወጋውን መድኃኒት መልሶ ማውጣት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ መወጋቱን የተጠራጠረ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ ለማካካስ ብሎ እጥፍ አይውሰድ።

ጠዋት ኤን ፒ ኤች የተወጋ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ የመድኃኒቱ ኀይል የሚበረታው ወደ ቀትርና ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ፥ ስብሰባው ተራዝሞ ምሳው ያለፈበት እንደ ሆነ ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩም ይዘባረቃል። ይህን ያየ ባልደረባ ሰክሯል ብሎ ሊያማው ይችላል። በሽታቸውን ከአለቃም ከጓደኛም የሚደብቁ ብዙዎች ናቸው፤ በእኔ አስተያየት ግን በአጠገባቸው ያለ አንድ ሰው እንኳ ማወቅ ይገባዋል። በሽተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፥ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለውም መድገም፥ ከዚያም ምግብ ማብላት ነው። መድኃኒቱ ገና ስላልጨረሰ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና ብቻውን አይተውም። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ በአፉ ምንም ሳይጨመር ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ እስከ ፀሐይ ግባት የሚጾም ሙስሊም፥ ጾሙ ሳይገባ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይምከር። መርፌውን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥም ለሕይወት ያሰጋል።

ስለ አወጋጉ ጥቂት ልበል። ድፍርሱን ኤን ፒ ኤች እንደ ወተት አንድ ዐይነት እስኪሆን ድረስ በመዳፍ መካከል በዝግታ ማንከባለል ነው፤ መናጥ አይገባም። ግላርጂንን ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ መርፌ መቀላቀል ክልክል ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚወጋ ሰው ቆዳው ሥር ያብጥና መድኃኒቱ በወጉ አይሰርጽለትም፤ በሆድና በጭን ላይ ቦታ ይለዋውጥ።

ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፥ ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አግብቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መጨመር ሙቀቱን ያበርዳል። ከበረዶ ቤቱ አጠገብ ግን አይጠጋ፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም መጣል አለበት።