ዋስ የሌለው ውል

(በመቱ በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ስለማይሠራ ቴክኒክና በፖለቲካ ውስጥ ስለሚገባ ገንዘብ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ነገሩ ከአሜሪካ ይጀመራል ብሎ አስቦ ኖሮ ሁለት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አዋሰኝ። መጻሕፍቱን አንብቤ መልሻለሁ፤ አመሰግነዋለሁ። ዳሩ ግን ለዚህ ጉዳይ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። ከዚህ ከመቱ ተነሥቶ፣ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ሁሩሙን አልፎ፣ ያዩ መድረስ ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን ስለ አንድ የወፍጮ ሞተር ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ከአንድ ነጋዴ የእህል ወፍጮ ገዛ። ሞተሩ አዲስ ነው ተብሎ ቢሸጥም ቀለም የተቀባ አሮጌ ኖሯል፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ጭሱ በዝቶ ዱቄቱ ጠፋ። ሽያጩ ሲፈጸም ግን በአገሩ ልማድ ዋስ ተጠርቶ ነበር። ስለዚህ አባቴ ዋሱን ያዘ፣ ዋሱ ነጋዴውን ያዘ፣ ሽማግሎችም ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ቅዳሜ ከተከራከሩ በኋላ የገንዘቡ እኩሌታ ተመለሰ። ሻጩ ሌላ ሰው፣ ገዢው ሌላ ሰው፣ ዋሱ ሌላ፣ ዳኛውም ሌላ ስለነበሩ ነው እኩሌታውስ የተመለሰው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ያዩ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. ለዚህ አገር ሦስት ነገሮች ሆኑ። የመጀመሪያው፣ ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን ከከፋው ጋር አንድ ላይ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አገባው። ከ167,000 ሔክታር በላይ የሆነው ይህ አገር ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ማርና ኮረሪማ የሚለቀምበት ስፍራ ነው። ሁለተኛው፣ በግንቦት ወር በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ያዙ። ሦስተኛው፣ ያው ዓመት ሳያልቅ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችን ሜቴክ የምንለው፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ። ሦስቱ ነገሮች በዚያ ዓመት የሚተዋወቁ አይመስሉም ነበር። የተገናኙት እዚህ እኛ ዘንድ ነው።

ሜቴክ የተሠራው ቀድሞ በመከላከያ ሥር የነበሩ ፋብሪካዎች ተሰብስበው ነው። ጥይት የሚሠሩ፣ የጦር መሣሪያ የሚያበጁ፣ ተሽከርካሪ የሚገጣጥሙና የሚጠግኑ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ መሪዎቹም የጦር መኮንኖች ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ለዚሁ ድርጅት በ11 ቢሊዮን ብር ግምት የያዩን ማዳበሪያ ፋብሪካ እንዲሠራ ተሰጠው። አሳቡ መልካም ነበር፤ ይህን ሳልክድ ልናገር። በያዩ መሬት ሥር የድንጋይ ከሰል አለ። ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ታመጣለች። ከሰሉን ወደ ዩሪያ መለወጥ ቢቻል ለጨዋቃም ለጮራም የበቆሎ ገበሬ፣ ለጎጃምም ለአርሲም የስንዴ ገበሬ እፎይታ በሆነ ነበር። (የደን ቡናችን ራሱ ዩሪያ አይጠጣም፤ ይህን የሚያውቅ የያዩ ገበሬ ፋብሪካው ለማን እንደሚሠራ መጠየቁ አይቀርም።)

እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይታገሡኝና ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። ከሰሉ በመጀመሪያ ከእንፋሎትና ከኦክሲጅን ጋር ከ1,000 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ወደ ጋዝ ይለወጣል። ከዚያ ጋዝ ድኙ ይወጣለታል፤ ድኙ ቢቀር በኋላ የሚመጣውን የብረት ማፋጠኛ ይመርዘዋልና። ቀጥሎ ሃይድሮጅኑ ተለይቶ ከአየር ከተገኘው ናይትሮጅን ጋር፣ ከአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊትና ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ተዋሕዶ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲጣመር ዩሪያ ይወጣል። ከመቶ ዓመት በፊት ሀበርና ቦሽ የተባሉት ጀርመናውያን አሞኒያን በፋብሪካ ለማምረት ሲታገሉ፣ ትልቁ ጭንቃቸው ያንን ግፊት ሳይፈነዳ የሚችል የብረት ዕቃ ማግኘት ነበር። በአንዱ መጋጠሚያ ላይ የተሠራ ስሕተት ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለው ሥራ ከዚያ በፊት አንድም የአሞኒያ ፋብሪካ ሠርቶ ለማያውቅ ድርጅት ተሰጠ። ጥይት መሥራትና አሞኒያ መሥራት ሁለቱም ብረትና እሳት ይፈልጋሉ፤ ተመሳሳይነታቸው ግን ከዚያ አያልፍም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ሳይሞክሩ መቼ ይማራሉ? ጃፓንስ ኮሪያስ ሰብረው አይደለም ወይ የተማሩት?» ይሉኛል። ይህ ንቀት የሚገባው ጥያቄ አይደለም፤ እኔም ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። በሜቴክ ውስጥ እንደ እኛው ያሉ፣ ከእኛው ዓይነት ዩኒቨርስቲ የወጡ፣ በቅንነት የደከሙ ብዙ ወጣት መሐንዲሶች ነበሩ። ነገር ግን ሰብሮ የሚማር ሰው የሰበረውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይኸው፣ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ይላል። ዓለም የተማረው እንዲህ ነው። እኛ ቤተ መጻሕፍት ግቡና የያዩ ሥራ የት ላይ፣ ለምን እንደተሰበረ የሚናገር አንድ የቴክኒክ መጽሐፍ ፈልጉልኝ። በእኛ ገንዘብ የተገዛውን ትምህርት ማን ወሰደው?

መቼም እዚህ ላይ የአባቴ ወፍጮ ትዝ ይላችኋል። በያዩ ሥራውን ያዘዘው የመንግሥት ድርጅት ነው። የሠራው የመንግሥት ድርጅት ነው። ገንዘቡን ያበደረው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመንግሥት ነው። ሥራውን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። «ለምን?» ብሎ ሊጠይቅ የሚገባው ፓርላማ ደግሞ ከ547 ወንበር 545ቱ የአንድ ወገን ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ሁለቱም ተጨምረው 547ቱም ሆኑ። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ዋሱም፣ ሽማግሌውም በአንድ መሶብ የሚበሉ ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሞተሩ ቢጨስ ማን ማንን ይይዛል? ሪፖርት በየዓመቱ ይቀርባል፤ ፐርሰንቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የባንኩ ወለድ ግን ሪፖርት ሳይጠብቅ ሌት ተቀን ያድጋል።

በአሜሪካ በዚያው በ2002 ዓ.ም. ጥር ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ኩባንያዎች ለምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ እንዳያወጡ መከልከል አይቻልም ብሎ ፈርዷል፤ የማኅበራችን ጸሐፊ ያዋሰኝ መጻሕፍት የሚያዝኑትም በዚህ ነው። በዚያ ነጋዴው ፖለቲከኛውን ሊገዛ ይሄዳል። በእኛ ዘንድ ግን ፖለቲከኛው ራሱ ነጋዴ ሆኖ ሱቅ ከፍቷል። በኢሕአዴግ ዘመን ከአራቱ አባል ድርጅቶች ጋር የተያያዙ ኤፈርት፣ ጥረት፣ ቱምሳና ወንዶ የሚባሉ የንግድ ተቋማት እንደነበሩ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። የመቱ ነጋዴ ጨረታ ሲያይ ከዋጋው በፊት «ማን ገብቷል?» ብሎ የሚጠይቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ጥያቄው ግን ከነጋዴው አፍ የጠፋ አይመስለኝም።

የያዩ ሥራ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ከሜቴክ እጅ ወጣ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሪክ ሥራም እንዲሁ ከእሱ ተወሰደ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ድርጅቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር ግዢ ከውጭ አገር ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ገለጹ፤ መሪዎቹና ሠራተኞቹም ታስረው ተከሰሱ። ክስ ፍርድ አይደለምና ስም እየጠራሁ አልፈርድም። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሰማነው ዐቃቤ ሕጉ ከተናገሩ በኋላ መሆኑን አስቡ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ የጭነት መኪናዎች ሲመላለሱ እያየን፣ ከእኛ መካከል ውሉን አሳዩን ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልሁም።

የብድሩስ ነገር? ዕዳው አልጠፋም፤ ቤት ለወጠ እንጂ። በ2013 ዓ.ም. የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ባንኩን ሸክም ለማቃለል እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ በአዋጅ ተፈቀደ። ይህ ቦንድ የያዩ ብቻ አይደለም፤ የብዙ እንደ ያዩ ያሉ ሥራዎች ድምር ነው። ከፋዩ ግን ያው ጨው ሲገዛ፣ ስኳር ሲገዛ ግብር የሚከፍለው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ በቁጥር የማይገኘው ነው። ለፋብሪካውና ለከሰሉ ተብሎ ከቡና መሬታቸው የተነሡ ገበሬዎች አሉ። በጊዜው የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለገበሬው የሚከፈለው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በዐሥር እጥፍ ተባዝቶ ይሁን ይል ነበር፤ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ዐሥር የነበረውን ዐሥራ አምስት አድርጎታል። በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። ዳሩ ግን ሰው ያልተከለው የደን ቡና፣ ከዛፍ ጫፍ የሚሰቀል ቀፎ፣ ሴቶች ከጥላ ሥር የሚለቅሙት ኮረሪማ ገቢው በየትኛው መዝገብ ተጽፎ ይቆጠራል? አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ደኑ ራሱ ግን በሰው ዕድሜ አይመለስም። መሬቱ ሄደ፤ ፋብሪካው ግን አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አንዲት ከረጢት ማዳበሪያ አላወጣም። በ2015 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ለአቤቱታ ሲወጡ፣ እኔ በዚህ መንገድ ሳልፍ የማስበው ስለዚያ ከረጢት ነበር።

ይህን ስናገር የትልቅ ኩባንያ ወይም የባዕድ ጠላት አታድርጉኝ። የበደሌ ቢራ ፋብሪካ በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ለሆላንዱ ሃይኒከን በ85 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ሽያጩ በጨረታ ስለነበረ ዋጋውን እናውቀዋለን፤ ተሸጠ ብሎ የሚቆጭም፣ ጥሩ ዋጋ ነው የሚልም የሚከራከርበት ቁጥር አለው። በሶር ወንዝ ላይ ያለውም የኃይል ማመንጫ 5 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ ማንም ስለ እሱ ግጥም አልጻፈም፣ ግን ለዚህ አገር ከተሞች መብራት ሰጥቷል። የውጭ ሰው ንግድም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በ1894 ዓ.ም. ውል እንግሊዞች ባሮ ላይ ጋምቤላን የንግድ ጣቢያ አድርገው ይዘው፣ የጎሬ ቡና በክረምት በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። ያም ውል እንኳ ተጽፎ ስለነበር ዛሬ የታሪክ ተማሪ አንቀጹን ጠቅሶ ይተቸዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ የማዳበሪያ ውል ተፈርሟል። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የተፈረመው እንደታሰበው አልሆነም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ ለመሥራት ተስማምቷል፤ ድርሻው 60 በመቶ የዳንጎቴ፣ 40 በመቶ የእኛ ነው። ይህኛው ከከሰል ሳይሆን ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ዳንጎቴም በአገሩ የዩሪያ ፋብሪካ ሠርቶ አሳይቷል። ስለዚህ ከያዩ የተሻለ ተስፋ አለው ብል አላጋንንም። እንዲሠራም እመኛለሁ። ነገር ግን የ40 በመቶው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ጋዙ ለፋብሪካው በስንት ዋጋ ይሸጣል? ዩሪያው ለገበሬው በስንት ይቀርባል? ፋብሪካው ቢዘገይ ዋሱ ማን ነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ዐቃቤ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ ውሉ ገና ትኩስ ነው።

ስለ ራሳችን ሥራ አንድ ነገር ጠይቄ ልውረድ። የኢኮኖሚክስ፣ የሕግ፣ የኬሚስትሪና የግብርና ተማሪዎች ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ሆነን፣ በዕረፍት ቀናት ወደ ያዩ እንሂድ። ከመሬታቸው የተነሡት ሰዎች ምን እንደነበራቸው፣ ምን እንደተከፈላቸው፣ ዛሬ በምን እንደሚኖሩ ከአፋቸው እንጻፍ። ፋብሪካው ዘንድ የቀረውን ብረትም እንይ፤ መምህራን አብረውን ቢመጡ ብረቱ ምን እንደሆነ ያስረዱናል። የሰዎቹን ስም አናወጣም። ኦሮምኛ የሚችሉ ጓደኞቻችን ግድ ያስፈልጉናል፤ እኔ ራሴ የምችለው የገበያውን ያህል ነው። የመኪናውን ኪራይ ማኅበሩ እኩሌታውን እንደሚችል ሰብሳቢው ነግሮኛል፤ የቀረውን እናዋጣለን። የስም መጻፊያው ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው መኪና የሚነሣው የፊታችን ቅዳሜ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው።