እናትም እህትም ነበሩ፦ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ስናስታውስ

(በማኅበራችን የአባላት ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናስታውሳቸው ብዙዎቻችን «እዳዬ» የምንላቸውን ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው በኮሮና ታመው ሲያርፉ ብዙ ሰው እናቱ የሞተችበት ያህል አልቅሷል። እኛ ዛሬ የተነሣነው ግን ለልቅሶ ሳይሆን፣ ከሕይወታቸው ለማኅበራችን የሚሆን ስንቅ ለመያዝ ነው።

እዳዬ በ1928 ዓ.ም. በሸዋ ገጠር ተወለዱ። ዘመኑ የጣሊያን ወረራ ነበርና ገና በጨቅላነታቸው አባታቸውን በጦርነቱ አጡ፤ ያሳደጓቸውም አያቶቻቸው ናቸው። በ10 ዓመታቸው ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ቢዳሩም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ፊደል ቆጥረው፣ በቡናና እህል ሥራ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ትዳር መሥርተው ኑሯቸው ተደላደለ። ከመካከላችን ያለ ዕድሜያቸው የተዳሩ እህቶች ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሄዱ። አገሩን ረኃብ መትቶት ነበር። እዚያም ከሞተች እናቱ አጠገብ ያለ ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፍለው፣ ሕፃኑንና ሌላ ወላጅ ያጣ ልጅ ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ።

ይህ ያለ ዋጋ አልሆነም። ባለቤታቸው አልተቀበሉትም፤ ዘመድም «አበደች» አለ። እዳዬ ግን ልጆቹን ይዘው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ፤ ደሳሳ መጠለያ ውስጥ ገብተው፣ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳደሯቸው። ድርጅታቸው በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ በልተው ያደሩት በእሳቸው ጉልበት ነው።

እኛ በሒሳብ ሙያ የምንተዳደር ሴቶች «በጀት ሳይኖር ወጪ የለም» ማለት ለምዶብናል። ደንቡም ትክክል ነው። የእዳዬን የግሸን መንገድ በመዝገብ ብናሰፍረው ግን በእጅ ያለው ጥቂት ዳቦና ጠበል፣ የተቀበሉት ኃላፊነት ደግሞ የሁለት ልጆች ዕድሜ ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። የገጠመው እሳቸው በየቀኑ ሠርተው ስለሞሉት ነው። በኋላም በልመና ብቻ ይኑር አላሉም፤ ድርጅታቸው ልጆችን አስተምሯል፣ ሙያ አሠልጥኗል፣ ሴቶች ሠርተው ገቢ እንዲያገኙ ረድቷል። ለልጆቹ እናት፣ ለሴቶቹ እህት የሆኑት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አባል ስታርፍብን እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ቀብር ያስፈጽማል፤ እኛም ንፍሮ ቀቅለን፣ ለቀስተኛ አስተናግደን፣ አርባዋን እናወጣለን። ከአርባው በኋላ ግን የልጆቿን ደብተርና ዩኒፎርም የሚጠይቅ የለም። በመዝገባችን ለዚህ የተከፈተ አንድም ርዕስ የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ይዘን ቀርበናል። ወላጅ ላጡ የአባላት ልጆች የትምህርት መደገፊያ የሚሆን የተለየ ሒሳብ በእዳዬ መታሰቢያነት ይከፈት። እያንዳንዳችን ከመደበኛው ቁጠባችን በላይ በወር 10 ብር እንጨምር። «የብድር ገንዘባችን ራሱ ቀጭን ነው፤ ይህን ከየት እናመጣለን?» የሚሉ እህቶች አሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ለዚህም ነው የቁጠባውና የብድሩ ገንዘብ ለዚህ እንዳይነካ፣ ደረሰኙም መዝገቡም ለብቻው እንዲሆን፣ በየሦስት ወሩም ገቢና ወጪው በጉባኤ ፊት እንዲነበብ የምንጠይቀው።

ክቡራን ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንሻው እኛ ከጀመርን በኋላ እንድታግዙን ነው። መጀመሪያ የእኛን 10 ብር በመዝገቡ ላይ እዩት።

እህቶች፣ ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ባለፉት ዓመታት ከቀበርናቸው እህቶቻችን የአንዷን ልጆች በስማቸው አስቡ።

የእዳዬን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን።