ፊት አይቶ ዋጋ መጥራትን ለምን ተውን?

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር



እኛ ከማኅበሩ ቁጠባ ተበድረን ታፔላ፣ ባነርና ስቲከር መሥራት የጀመርን አራት ሴቶች ነን። ዛሬ የምንነግራችሁ ስላተረፍንበት ሳይሆን ስላፈርንበት ቀን ነው።

በአንድ ሳምንት ሁለት ደንበኞች መጡ። አንዷ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት፣ ሌላው ደህና ነጋዴ። ሁለቱም ያዘዙት 70 ሳንቲሜትር በ2 ሜትር የሆነ ታፔላ ነበር። ነጋዴው ተከራከረን፤ ቀነስንለት። እናታችን አልተከራከሩም፤ የጠራነውን ከፈሉ። ለካ ጎረቤታሞች ናቸው። መጥተው «ልጆቼ፣ የእኔ ለምን በለጠ?» ሲሉን መልስ አጣን። ሥራውን ቆጥረን ሳይሆን ፊታቸውን አይተን ነበር ዋጋ የጠራነው። ልዩነቱን መለስንላቸውና ማታ ደብተር ይዘን ተቀመጥን።

ስንቆጥረው ራሳችንንም ጎድተናል። የስቲከራችን ጥቅል ወርዱ 1.27 ሜትር ነው። ያስከፈልነው 1.4 ካሬ ሜትር፣ ከጥቅሉ የቆረጥነው ግን 2.54 ካሬ ሜትር። ትራፊው ለሌላ ሥራ ካልዋለ ኪሳራው የእኛ ነው። የታክሲውንና የመሰላሉን ኪራይም አልጻፍንም። ዲዛይኑን ስትሠራ ያመሸችው እህታችንማ ጭራሽ አልተቆጠረችም። «ቤቴ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ነው» ብላ ራሷም ዝም ብላ ነበር። የሴት ድካም ዋጋ የሚያጣው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የምንረሳው እኛው ነን።

ቅናሽም ሲያታልለን ኖሯል። 1,000 ብር በወጣበት ሥራ ላይ ከመቶ 25 ጨምረን 1,250 ብር እንላለን። ደንበኛው «ከመቶ 20 ቀንሱልኝ» ሲል ከመቶ 5 የተረፈልን ይመስለናል። ነገር ግን የ1,250 ብር ከመቶ 20 ሙሉ 250 ብር ነው። ትርፉ በሙሉ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አምስት ነገር እንጽፋለን፦ ዕቃውን ከነትራፊው፣ የዲዛይንና የእጅ ሥራ ሰዓቱን፣ ማጓጓዣና መስቀያውን፣ የቤት ኪራይና የመብራት ድርሻውን፣ በመጨረሻም ትርፉን። የሚሰቀልበትን ቦታ ሳናይ ዋጋ አንጠራም። ደንበኛው ጽሑፉን አይቶ ሳይፈርም ሥራ አንጀምርም። ግማሹን በቀብድ እንቀበላለን። ገንዘብ ላጠረው ሰው ዋጋውን ሳይሆን መጠኑን እናሳንስለታለን። ዘመድ መርዳት ስንፈልግ ደግሞ «ስጦታ» ብለን እንመዘግበዋለን፤ ዝምድና ሌላ፣ ንግድ ሌላ።

አንደብቃችሁም፣ ጥለውን የሄዱ ደንበኞች አሉ። ብድሩን ግን ከሥራው ገቢ እየከፈልን ነው፤ ዲዛይን የምትሠራውም እህታችን የሰዓቷን ታገኛለች።

እኚያ እናታችን በቅርቡ ለሁለተኛ ታፔላ ተመልሰው መጡ። ደብተሩን ገልጠን መስመር በመስመር አነበብንላቸው። አዳመጡና «መሰላልማ እኔ ቤት አለ» አሉን።

የመሰላሉን ኪራይ ሰረዝንላቸው።