አጋዘን፣ ውሻና አጥር



አጥር የመሐንዲስ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ማንን ለማገድ እንደሚሠራ አስቀድሞ ካልታወቀ ጥንካሬው ብቻውን ጥቅም አይሰጥም። ለዚህም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂንያ ሰፈሮች ምሳሌ ይሆናሉ።

በነዚህ ሰፈሮች ባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን በማታና በንጋት ወደ ግቢ እየገባ አበባና አትክልት ይበላል። በኢትዮጵያ አጋዘን ከሚባለው የተለየ ዘር ሲሆን፣ የወንዱ ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በአደን ብዛት እጅግ ተመናምኖ ነበር፤ ዛሬ በአሜሪካ በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራል። አንዱ ምክንያት የአደን ሕግ ሲሆን፣ ሌላው የግንባታ ሥራ ነው። ደን ተከፋፍሎ መንገድና ቤት ሲሠራ ጫካና ሣር የሚገናኙበት ጠርዝ ይበዛል፤ አጋዘንም የሚመቸው ይኸው ጠርዝ ነው።

ነዋሪው በመጀመሪያ የሚተማመነው በውሻው ነው። ውሻ በተፈጥሮው የሚሸሸውን ያባርራል። አጋዘኑም መሬቱን በሰኮናው እየመታና ነጭ ጅራቱን ሽቅብ እያነሣ ያስጠነቅቅና ይሮጣል፤ በድንጋጤም ወደ መኪና መንገድ ሊገባ ይችላል። ውሻው የታሰረ ከሆነ ግን አጋዘኑ ውሎ አድሮ የማሰሪያውን ርዝመት ይለምድና ከዚያ ማዶ ተረጋግቶ ይግጣል። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እናቲቱ ግልገሏን በሣር ውስጥ ደብቃ ስለምትሰማራ፣ የሚቀርበውን ውሻ በፊት እግሮቿ ትረግጣለች፤ በዚህ ወራት የሚጎዳው ውሻው ነው።

ስለዚህ የአጥሩን ሥራ ለውሻ መተው አይገባም። ለውሻ የሚበቃው የ1.20 ሜትር አጥር ለአጋዘን ከደረጃ አይቆጠርም፤ 2.40 ሜትር ገደማ ሊዘል ይችላልና። ቁመት መጨመር ካልተቻለ ሁለት አጫጭር አጥሮችን አራርቆ መትከል ይጠቅማል፤ እንስሳው ከፍታንና ስፋትን በአንድ ዝላይ ለማለፍ ያመነታል። ማዶውን የማያሳይ ድፍን አጥርም የሚያርፍበትን ስለሚሰውርበት ያግደዋል። ጫፉ እንደ ጦር የሾለ የብረት አጥር ግን ሊዘል የሞከረውን ይሰካል፤ ያ ማገድ ሳይሆን መግደል ነው።

በወረቀት ላይ ያለ ቤት ጎረቤት የለውም፤ መሬት ላይ ያለው ግን አለው። ፕላን የሚነድፍ ባለሙያ ከእርሳሱ በፊት ይህን ጎረቤት ሊያስብ ይገባዋል።