የማርሽ መቀየሪያ ምልክት በስፖርት መኪና ላይ፤ አሠራሩና ወሰኑ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በሞተር ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሞተር በሁለት ወገን ይበደላል። አንደኛው በከባድ ማርሽ ከዐቅሙ በታች በዝቅተኛ ዙር ሲጎተት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከተወሰነለት ዙር በላይ እንዲዞር ሲገደድ ነው። በተራ የቤት መኪና ላይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ሰፊ በመሆኑ የነጂው ጆሮ ብቻውን በቂ ዳኛ ነው። በስፖርት መኪና ላይ ግን ሜዳው ይጠብባል፤ ጊዜውም ያጥራል። በነጂው ፊት የሚበራ፣ «ማርሽ ቀይር» የሚል ትርጉም ያለው ትንሽ መብራት መጨመር ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ በጥቅሉ ከሚነገር ይልቅ በአንድ በታወቀ መኪና ላይ ቢመረመር ይሻላል። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያቀረበው ኤስ 2000 ለዚህ ተስማሚ ምሳሌ ነው። ጣሪያው የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ስድስት ማርሽ ያለው መኪና ነው። የመጀመሪያው ሞተር ባለ 2 ሊትርና ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ ተርቦ ሳይጨመርበት፣ በአሜሪካ በተሸጠው ዓይነት በ8300 ዙር 240 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ቀዩ መስመር የሚጀምረው በ9000 ዙር አካባቢ ነው። ሞተሩ እስከ 6000 ዙር ገደማ ድረስ ቫልቮቹን በዝቅተኛው የካምሻፍት ጉብታ ይከፍታል፤ ከዚያ በላይ ወደ ከፍተኛው ጉብታ ይሸጋገርና ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል። ስለዚህ ይህን መኪና በውድድር ሜዳ የሚነዳ ሰው ዋና ተግባሩ ሞተሩን ከ6000 በታች ሳይጥል፣ ከ9000 በላይም ሳያሳልፍ መያዝ ነው።

ለመሆኑ የዙር መቁጠሪያ በዳሽቦርዱ ላይ እያለ ሌላ መብራት ምን ያደርጋል? መልሱ በዐይን ሥራ ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዐይን ከመንገዱ ወደ ዳሽቦርዱ ወርዶ፣ ቁጥሩን አንብቦ እስኪመለስ መኪናው ብዙ ሜትር ያለ ተመልካች ይጓዛል። ጆሮም ቢሆን በክፍት መኪና ውስጥ፣ በነፋስ ጩኸትና በራስ ቁር ተሸፍኖ፣ የራሱን ሞተር ከጎረቤቱ ሞተር ለመለየት ይቸገራል። መብራት ግን መነበብ አያሻውም፤ ነጂው መንገዱን እያየ በዐይኑ ጠርዝ ያስተውለዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መብራቱ በስንት ዙር ይብራ የሚለው ነው። ይህ በግምት የሚወሰን አይደለም፤ የካምቢዮው የማርሽ ጥምርታ ይወስነዋል። በመጀመሪያው ኤስ 2000 ጥምርታው ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ማርሽ 3.133፣ 2.045፣ 1.481፣ 1.161፣ 0.970 እና 0.810 ነው። ማርሽ ሲቀየር የመኪናው ፍጥነት ለቅጽበት ያው ሆኖ ስለሚቆይ፣ የሞተሩ ዙር በሁለቱ ጥምርታዎች ልክ ይወርዳል። አንደኛ ማርሽ በ9000 ዙር ላይ ተለቆ ሁለተኛ ቢገባ ሞተሩ ወደ 5875 ይወርዳል፤ ይኸውም ለጥቂት ከከፍተኛው ጉብታ መነሻ በታች ነው። ነጂው ቸኩሎ በ8000 ቢቀይር ግን ዙሩ ወደ 5222 ይወርድና መኪናው እንደ ደከመ ሰው ይጎተታል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ለሚደረገው ለውጥ ወሰኑ 8300 ያህል ነው፤ ከዚያ በታች የቀየረ ሰው ከ6000 በታች ይወድቃል።

በላይኞቹ ማርሾች ነገሩ ይለዝባል። ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ በ9000 ሲቀየር ዙሩ የሚወርደው ወደ 7515 ብቻ ነው። በ7500 ዙር የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ከፍተኛው ሲሆን መጠኑ 208 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ሲሰላ 163 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 219 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሆናል። ከ8300 በኋላ ጉልበቱ መቀነስ ስለሚጀምር፣ በአምስተኛ ማርሽ እስከ ቀዩ መስመር መሄድ የሚያስገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። ስለሆነም በአንድ ቁጥር ላይ የተተከለ አንድ መብራት ለስድስቱም ማርሾች እኩል ትክክለኛ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሰው እጅ ስንት ጊዜ ይወስዳል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ባለመኪና ቀዩ መስመር 9000 ላይ ስለሆነ መብራቱንም 9000 ላይ ያደርገዋል እንበል። መብራቱ በርቶ ነጂው አይቶት ፍሪሲዮኑን እስኪረግጥ ሩብ ሴኮንድ ያልፋል። በአንደኛ ማርሽ የሞተሩ ዙር በሴኮንድ 2000 እየጨመረ ከሆነ በዚያች ሩብ ሴኮንድ 500 ዙር ይጨመራል። እግሩ ፍሪሲዮኑን ሳይነካ ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ይቆርጣል፤ መኪናው ይንገጫገጫል፤ ባለመኪናውም መብራቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የመብራቱ ሳይሆን የስሌቱ ነው። ለዚህ ነጂ መብራቱ በአንደኛ ማርሽ በ8500 ሊበራለት ይገባ ነበር። በአራተኛ ማርሽ ዙሩ በሴኮንድ 500 ብቻ የሚጨምር ቢሆን ደግሞ ቅድሚያው 125 ዙር ብቻ ይሆናል። ቀላሉ መፍትሔ ሦስት መብራቶችን በተርታ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ በ7500፣ በ8000 እና በ8500። በታችኞቹ ማርሾች ሦስቱ በፍጥነት ተከታትለው ሲበሩ ነጂው መቸኮል እንዳለበት ይረዳል፤ በላይኞቹ ቀስ እያሉ ሲበሩ ደግሞ ጊዜ እንዳለው ያውቃል። በዛሬው ፎርሙላ ዋን መኪና መሪ ላይ የሚታየው የመብራት ተርታም በዚሁ አስተሳሰብ የሚሠራ ነው።

ወደ ኤሌክትሪኩ ሥራ ሲመጣ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ባለ አራት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ በ9000 ዙር የሚገኘው ምልክት በሴኮንድ 300 ምት ነው። ቀድሞ ይህን ምት ወደ ቮልት ለመለወጥ ኤል ኤም 2917ን የመሰሉ የተቀናበሩ ሰርኪዩቶች ያገለግሉ ነበር፤ አሁንም ያገለግላሉ። ነገር ግን ልካቸው በረዚስተርና በካፓሲተር ትክክለኛነት ላይ የተመሠረተ ነው። ከመቶ 5 የሆነ ስሕተት በ9000 ላይ 450 ዙር ነውና፣ በጥንቃቄ ያልተስተካከለ መሣሪያ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። አነስተኛ ማይክሮኮምፒዩተር በበኩሉ በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። በ9000 ዙር ይህ ጊዜ 3.333 ሚሊ ሴኮንድ ሲሆን በ8900 ደግሞ 3.371 ነው፤ ልዩነቱ 38 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ቢሆንም ርካሹ ማይክሮኮምፒዩተር እንኳ ይለየዋል። መብራቱ በወሰኑ ላይ እንዳይንቀጠቀጥም በ8500 የበራው በ8400 እንዲጠፋ ተደርጎ ይዘጋጃል።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጡ መኪናዎች ላይ ግዴታ የሆነው የምርመራ ሶኬትም የዙር ቁጥር ይሰጣል። ሆኖም አሠራሩ በጥያቄና በመልስ ነው። መልሱ በአንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ ቢዘገይ ከላይ በተባለው ፍጥነት 200 ዙር አልፏል። ስለዚህ ለዚህ ተግባር ከሞተሩ ኮምፒዩተር ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደው የምት መስመር ይመረጣል። መስመሩ አይቆረጥም፤ የመኪናው የራሱ መቁጠሪያ ምልክት እንዳያጣ በከፍተኛ ረዚስተር ወይም በብርሃን በሚያስተላልፍ ማገናኛ በኩል ይቀዳል። ኃይሉ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር በ1 አምፔር ፊውዝ በኩል ይወሰዳል። ለአንድ ቀይ ኤል ኢ ዲ፣ ቮልቱ 14.4 ሲሆን፣ 820 ኦም ረዚስተር 15 ሚሊ አምፔር ያህል ያሳልፋል። ጄኔሬተሩ እየሠራ ባትሪው ቢላቀቅ በመስመሩ ላይ ብዙ ዐሥር ቮልት ሊነሣ ስለሚችል መከላከያ ዳዮድ ሊረሳ አይገባም።

መብራቱ የሚቀመጥበት ስፍራም የራሱ ጥበብ አለው። በመሪው ዘንግ ሽፋን አናት ወይም በዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ ሆኖ ከእይታው መስመር ጥቂት ዝቅ ማለት ይገባዋል። በኤርባግ ክዳን ላይ ማጣበቅ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ አደጋ ሲደርስ መብራቱ ራሱ ጥይት ይሆናልና። በቀን ፀሐይ የሚታይ ብርሃን በሌሊት ዐይን ያሳውራል፤ ስለዚህ ብርሃኑ የሚቀንስበት ዘዴ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከመቶ 8 ያህሉ ቀይና አረንጓዴን በሚገባ ስለማይለዩ፣ ትርጉሙ በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በቦታውም የሚገለጽ መሆን አለበት።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ ለሚሠራ ባለሙያ አንድ ነጥብ ሊታከል ይገባል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የማርሽ ጥምርታው ስለማይለወጥ፣ የመቀየሪያው ዙር በአብዛኛው ያው ነው፤ ዙሩ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ስለሚቀንስ ለነጂው የሚሰጠው ቅድሚያም ያንሳል። በቆላ የተስተካከለ መብራት በደጋ ቀድሞ ይጣራል ማለት ነው።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይነሣ። መብራቱ መቼ እንደሚቀየር ይናገራል እንጂ እጅ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። በኤስ 2000 ካምቢዮ ሦስተኛ ማርሽ ከላይ መካከል፣ አራተኛ ከታች መካከል፣ ሁለተኛ ደግሞ ከታች በስተግራ ነው። በ9000 ዙር መብራቱን አይቶ የደነገጠ ነጂ መቀየሪያውን ወደ ታች ሲስብ እጁ ጥቂት ወደ ግራ ቢያዘነብል፣ በአራተኛ ፋንታ ሁለተኛ ይገባል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ጎማዎቹ ሞተሩን ወደ 12,400 ዙር ይጎትቱታል። ያን ጊዜ ነዳጅ የሚቆርጠው ኮምፒዩተር ምንም ሊረዳ አይችልም፤ ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጁ ሳይሆን የመኪናው ግስጋሴ ነውና። የቫልቭ ሞላዎች ቫልቮቹን መመለስ ያቅታቸዋል፤ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል፤ ለዓመታት የተጠበቀ ሞተር በአንዲት ቅጽበት ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል።

ስለዚህ መብራቱን የሚገጥም ባለሙያ ኃላፊነቱ ሽቦውን በማገናኘት አያበቃም። የመኪናውን ትክክለኛ የሞተር ዓይነት ማረጋገጥ አለበት፤ በሰሜን አሜሪካ ከ2004 ሞዴል ጀምሮ ባለ 2.2 ሊትር ሞተር ሲተካ ቀዩ መስመር ወደ 8000 ገደማ ወርዷልና፣ ለፊተኛው የተስተካከለ መብራት ለኋለኛው አጥፊ ነው። ለባለመኪናውም መብራቱ አማካሪ እንጂ አዛዥ አለመሆኑን፣ ቦታውም የውድድር ሜዳ እንጂ የሕዝብ መንገድ አለመሆኑን መንገር አለበት። ጥቂት ቀደም ብሎ የሚበራና እጅን የማያስቸኩል መብራት፣ እስከ መጨረሻው ዙር ከሚያስጨንቅ መብራት ይበልጣል። በመጀመሪያው ዘዴ የሚጠፋው የሴኮንድ ክፋይ ነው፤ በሁለተኛው ግን ሞተሩ ነው።